የወልደ ገብርኤል ቀይ ጨርቅ

ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ወደ ቆላው የሚወርድ የጭነት መኪና ሁሉ መጀመሪያ ወልደ ገብርኤል ደጅ ይቆም ነበር። ሕግ ሆኖ አይደለም፤ ያዘዘም ሰው የለም። ሾፌር መቼም ትእዛዝ አይወድም፤ ነፍሱን ግን ይወዳል። ሊማሊሞን አንዴ አይቶ ነፍሱን የማይወድ ደግሞ ገና አልተወለደም። መንገዱ በገደሉ ግንባር ላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ አንዱን ኩርባ ተገላገልኩ ሲሉ ሌላው ከታች ቆሞ ይጠብቃል። እዚያ ላይ ፍሬን እንቢ ካለህ፣ ስመ ሥላሴ ጠርተህ ለመጨረስ እንኳ ጊዜ አታገኝም።

ወልደ ገብርኤል የደረስጌ ሰው ነው፤ የመሪጌታ ልጅ። አባቱ ድጓውን ተምሮ ወንበራቸውን እንዲተካ ነበር ሐሳባቸው። ምን ዋጋ አለው! አግብቶ፣ አለነ የሚባል ወንድ ልጅ ወልዶ፣ ከዜማ ቤት ገና ሳይወጣ ለብሔራዊ ውትድርና ታፈሰና ሄደ። እዚያ ኡራል የሚባለውን የሩስያ መኪና ሰጡት። «ያሬዳዊ ዜማ የለመደ ጆሮ ሞተር ሲያዳምጥ ቀረ» እያሉ አባቱ እስኪሞቱ ድረስ አዘኑበት። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩ አገሩ ገባ። ከዚያ ሁሉ ዓመት ውትድርና ያተረፈው አንድ የብሎን መፍቻ ኪያቤና የአየር ፍሬን ዕውቀት ነበር። ደባርቅ ላይ ሥራ ጀመረ። ሚስቱ እሌኒን ወልዳለት ብዙም ሳትቆይ ሞተች። «አግባ እንጂ» ሲሉት፣ «ሁለት ልጅ አለኝ፣ አንድ ኪያቤ አለኝ፣ ምን ጎደለኝ?» ይል ነበር።

ሰዉ ተበተነ እንጂ የጦሩ መኪኖች የትም አልሄዱም። በየሜዳው ቆመው የቀሩትን ነጋዴዎች በጨረታ ገዟቸው። ትናንት ጥይት የጫነ ኡራል ዛሬ ገብስና ባቄላ ይጭን ጀመር። ነጋዴ ደግሞ ያለው አይበቃውም፤ ከኋላው ተሳቢ ይቀጥልበታል። ተሳቢው ከየት እንደ መጣ ማንም አያውቅም፤ የአንዱ እግር፣ የሌላው አካል፣ የሦስተኛው ቱቦ። ታዲያ ይህን ዝብርቅርቅ ነገር በሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ምንድን ነው ቢባል፣ አየር ነው። ወይ ጉድ! ያ ሁሉ ብረትና ያ ሁሉ እህል በአየር ተይዞ ነው የሚወርደው።

«እየው» ይለው ነበር አለነን፣ ሾፌርነት ሲጀምር፣ ከተሳቢው አፍንጫ ሥር አስቀምጦ። «ከተሳቢው የሚመጡት ቱቦዎች ሁለት ናቸው። አንዱ መጋቢ ነው፤ ሁልጊዜ አየር ሞልቶበት የተሳቢውን ቋት ሲቀልብ ይውላል። ሌላው አዛዥ ነው። እሱ ባዶውን ይቀመጥና አንተ ፔዳል ስትረግጥ ብቻ ‹ያዝ!› ብሎ ያዛል። ተሳቢውም ከቋቱ አየር ወስዶ ጎማውን ይይዛል።»

«ቢምታቱስ?» አለው አለነ።

«ቢምታቱማ መጋቢው የሚቀልበው ቋት አጣ፤ ቋቱ ባዶ ሆነ፤ አዛዡ ቢጮህ ማን ይሰማዋል? ይህ ተሳቢ አሮጌ ነው፤ አየር ሲያጣ ራሱን የሚይዝበት ብልሃት አልተሠራለትም። ክፋቱ ደግሞ ሜዳ ላይ አይነግርህም። ደልቶት ይከተልሃል። ቁልቁለቱን ስትጀምር ነው ከኋላ የሚገፋህ፤ የጎታቹ ፍሬን ብቻውን ሲታገል ይግላል፣ ይጨሳል፣ ከዚያ እጁን ይሰጣል።»

ፋብሪካው ሲሠራቸው የአንዱ ቱቦ ጫፍ በሌላው ቦታ አልገባም እንዲል አድርጎ ነበር። የእኛ ጋራዥ ግን የፋብሪካን ቃል መቼ አክብሮ ያውቃል! ሲሰበር ከተገኘው ነገር ቀይሮት፣ ሁለቱም ጫፎች መንታ ሆነው ቀርተዋል። ቀለማቸውም ከተላጠ ቆይቷል። በጎታቹ በኩል ያለው የመጋቢ አፍ በስተቀኝ ነው፤ እሱ አያሳስትም። ከተሳቢው የሚመጡትን ሁለቱን ለመለየት ግን ወልደ ገብርኤል ከድሮ የወታደር ፎጣ ቀይ ጨርቅ ቀዶ በመጋቢው ቱቦ ላይ አሰረበት። ቀዩን ወደ ቀኝ፤ አለቀ።

በዚያ ላይ ምልክቱን ብቻ አያምንም ነበር። ቱቦዎቹ ከተቀጠሉ በኋላ ከተሳቢው ሥር ይገባና የፍሬኑን ክንድ በመዳፉ ይዞ፣ «ርገጥ!» ይላል። ክንዱ እጁን ሲገፋው፣ «በል ውረድ፤ ገብርኤል ይከተልህ» ብሎ ከጎማው ሥር ድንጋዩን ያነሣል። ክንዱ ዝም ካለ ግን የሹም ልጅም ብትሆን አታልፍም። ሾፌሮቹ «ጋሽ ወልዴ ካልባረከን አንወርድም» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ቀልዱ ቀልድ ብቻ አልነበረም።

እሌኒ ትንሽ ልጅ ሳለች አንድ ቀን፣ «አባዬ፣ ይሄ ቀይ ጨርቅ ለምንድን ነው?» አለችው። እሱ እጁ በግራሶ ተነክሯል፤ ለሕፃን መጋቢና አዛዥ ምን ብሎ ያስረዳል? «ለቡዳ ነው» አላት እየሳቀ። «የወንድምሽን መኪና ሰው በዓይኑ እንዳይበላት።» እሷም አመነች። ለምን አታምን? አባቷ ነው። እሱ ከዚያች ቀን በኋላ ነገሩን ረሳው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ያቺን ቃል ግን እሷ አልረሳቻትም።

እሌኒንና አለነን የሚያውቅ ሰው ስለ እህትና ወንድም ሌላ ነገር መስማት አያስፈልገውም። እናቷ ስትሞት በጀርባው አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው። ሾፌር ሆኖ ከቆላ ሲመለስ ሸንኮራ አገዳ ሳይዝላት አይገባም። እሷም ሰው ፊት ስሙን አትጠራውም፤ «ወንድምዬ» ነው የምትለው። ወልደ ገብርኤል ሁለቱን በአንድ ገበታ ሲያይ ሆዱ ይሞላ ነበር።

በዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ የወልደ ገብርኤል አባት ሙት ዓመት ደረሰ። ደረስጌ መሄድ ግድ ሆነበት። የዜማውን ወንበር ያልወረሰ ልጅ ሙት ዓመቱንም ከቀረ ምን ፊት ይዞ ይኖራል? ሲሄድ አለነን ጠርቶ፣ «እስክመለስ ተሳቢ ይዘህ እንዳትወርድ» አለው።

«እሺ አባዬ። ደግሞስ ጥምቀት አይደል? ማን ይወርዳል?» አለ አለነ።

እውነቱን ነበር፤ ለጥምቀት የሚወርድ አልነበረም። ተሳቢው ከኡራሉ ተፈትቶ ታቦታቱ ወደሚያድሩበት ሜዳ ተወሰደና ለሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን መድረክ ሆነ። እሌኒ ከመዘምራኑ አንዷ ነበረች። የወንድሟ ተሳቢ መድረክ ሆኖ ዝም ብላ ልታይ ነው? ከጓደኞቿ ጋር አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጨርቅ አለበሰችው። በመጨረሻ ከፊት ለፊት፣ ከአፍንጫው ላይ፣ በግራሶ ጠቁሮ የከሰል መያዣ የመሰለውን የአባቷን ጨርቅ አየችው። ታቦት ፊት እንዲህ ያለ ነገር! ፈትታ ጣለችው። የቡዳው መከላከያ ግን ባዶውን እንዳይቀር ብላ፣ በጥምቀት ልብሷ ወገብ ላይ የነበረውን፣ በገዛ እጇ በቢጫ ክር መስቀል የጠለፈችበትን ቀይ ሪባን ፈትታ አሰረችበት። ከሁለቱ ቱቦዎች ለሕዝቡ ፊት ለፊት በሚታየው ላይ። ቡዳ እንደሆነ ቱቦ አይመርጥም።

የሚካኤል በዓል ባለፈ ማግሥት የመኪናው ጌታ፣ ነጋዴው ገብረ ኪዳን፣ አዲ አርቃይ የገብስ ገበያ አለ ብሎ መጣ። አለነ፣ «አባቴ እስኪመጣ» አለ። ገብረ ኪዳን ደግሞ፣ «አባትህ ነው ወይ መኪናውን የገዛው?» አለ። ሰው ፊት እንዲህ የተባለ ጎልማሳ ምን ያደርጋል? ተሳቢውን ቀጠለ። ረዳቱ ደርቤ ከዳባት በላይ ካለ ገጠር የመጣ፣ ለአባቱ አንድ የሆነ ልጅ ነበር። «ጋሽ ወልዴ ቀዩን አድሰውታል መሰለኝ» አለው ለአለነ። አለነም ሪባኑን አየ፤ ቀዩን ወደ ቀኝ አደረገ። የአባቱን ምልክት ማመኑ ነው እንግዲህ ጥፋቱ። ክንዱን በመዳፉ የሚይዘው ሰው ደረስጌ ላይ ለአባቱ ነፍስ ሲያስፈታ ነበር።

ሦስተኛውን ኩርባ አላለፉም። አለነና ደርቤ ከገደሉ ሥር ተገኙ።

ወልደ ገብርኤል ሲመለስ አምባራስ ላይ ዘመድ ቤት አደረ። እነሱ ወሬውን ሰምተዋል። መርዶ ግን በየመንገዱ አይነገርም፤ በአገሩ፣ በወገኑ መካከል ነው። ስለዚህ እያዩት አበሉት፣ እያዩት አጠጡት። በማለዳ ሲነሣ ሁለት ሽማግሌዎች «እኛም ደባርቅ ጉዳይ አለን» ብለው ተከተሉት። «ምን ጉዳይ?» ሲላቸው አንዱ ስለ ጨው፣ አንዱ ስለ በሬ አወራ። ቤቱ አጠገብ ሲደርስ የቆመውን ሰው ብዛት አየና ቆመ። «ማናቸው?» አለ። ያቺን ጥያቄ ወላጅ ሲጠይቃት መስማት ከባድ ነው። «አለነ» አሉት። ልጁ ተቀብሮ አራት ቀን ሆኖት ነበር፤ አፈር እንኳ አላለበሰውም።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው አለ የሰማው ሁሉ። የአገሩን ፍሬን ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ልጁን ፍሬን ይብላበት! ወልደ ገብርኤል መሬት ላይ ተቀምጦ አላለቀሰም፤ እንባው ሸሸው። «ምን ሆኖ? ምን ሆኖ?» ብቻ ይል ነበር።

ከሴቶቹ መካከል እሌኒ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ደረቷን እየመታች ታለቅስ ነበር።

«ጥቁሩን ጨርቅ ጥዬ ሪባኔን ባስርለት፣
ዓይን እንዳይበላው ወንድሜን ብዬለት፣
ዓይንስ ምን አረገው፣ ገደል ቀደመበት።»

ሴቶቹ ተቀብለው አስተጋቡላት። «አይ እህት!» ተባለ። ወልደ ገብርኤል ግን ቀና አለ። ጥቁሩን ጨርቅ ጥዬ? ሪባኔን? በየትኛው ላይ ነው ያሰረችው? ልጠይቃት ብሎ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ከጠየቃት፣ ለምን እንደ ጠየቃት ትጠይቀዋለች።

በመርዶው ሰልስት ማግሥት የትራፊክ ፖሊስ መጣ። «ጋሽ ወልዴ፣ ሐዘን ላይ ነዎት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን እንደ እርስዎ የሚያውቅ የለም። ወርደው ቢያዩልን» አለው። ከተማው ውስጥ ወሬው አስቀድሞ ተሰራጭቷል። አለነ የጥምቀት ጠላ በራሱ ላይ እንዳለ ነዳ ይባላል፤ በኩርባው ላይ ይጋልብ ነበር ይባላል። ገብረ ኪዳንም ወሬውን ይወደው ነበር፤ መኪናው ደህና ከሆነ፣ ጥፋቱ የሾፌሩ ነው፣ ከእሱ ላይ የሚመጣ የለም። ወልደ ገብርኤል ነጠላውን አደግድጎ ተነሣ። ሰዉ የልጁን ስም ሊያጸዳ የሚሄድ መስሎት መረቀው። እሱ ግን የሚሄደው ለሌላ ነው። የአለነ ነገር አልቋል፤ የሞተ አይነሣም። ሊያይ የሚሄደው የሕያዋን ነገር ነው።

ፖሊሱ ገደሉን አይቶ ከመንገዱ ዳር ቀረ። ወልደ ገብርኤል ቁጥቋጦ እየያዘ ብቻውን ወረደ። «አባቴ ገብርኤል፣ በመጋቢው ላይ አድርገው» ይላል በየእርምጃው። «ከፈለግህ ልጄ ሰክሮ ይሁን። ከፈለግህ ቸኩሎ ይሁን። ሪባኑን ብቻ በመጋቢው ላይ አድርገው።» እንዲህ ያለ ጸሎት የጸለየ አባት ከእሱ በፊት ይኑር አይኑር እኔ አላውቅም።

ኡራሉ በጎኑ ተኝቷል፤ ተሳቢው ላዩ ላይ ወጥቶበታል። ገብሱ በየድንጋዩ ሥር ተዘርቶ ዝንጀሮ ይለቅመዋል። ሁለቱ ቱቦዎች አልተነቀሉም። ሪባኑ በአንዱ ላይ አለ፤ የጠለፈችው መስቀል እንኳ አልቆሸሸም፤ በቢራቢሮ ቋጠሮ አሳምራ አስራዋለች። ወልደ ገብርኤል ጣቱን ከሪባኑ ላይ አስነሥቶ ቱቦውን ተከትሎ ሄደ፤ ጨለማ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው በዳሰሳ። ቱቦው ወደ ቋቱ መሄድ ነበረበት። አልሄደም። ወደ ፍሬኑ ሄደ፤ አዛዡ ነው። መልሶ ዳሰሰው። ያው ነው።

እዚያ ነው ያለቀሰው። ለአለነም፣ ለእሌኒም፣ «ለቡዳ ነው» ብሎ ለሳቀባት ለዚያች ቀንም አንድ ላይ አለቀሰ።

ከላይ ፖሊሱ፣ «ጋሽ ወልዴ! ፍሬኑስ?» ብሎ ተጣራ።

ምን ይበል? ቱቦው ተምታቷል ቢል የልጁ ስም ይጸዳል። ግን ማን አምታታው ይባላል። ቀዩን ማን አዛወረው ይባላል። ያቺ ምስኪን ደግሞ በሙሾዋ ለአገር ሁሉ ተናግራለች፤ አንድ ነገር የገባው ሰው ከተገኘ በቂ ነው። ፍሬኑ በእርጅና ተበላሽቷል ብሎ ቢዋሽስ? ገብረ ኪዳን ዝም አይልም፤ ከጎንደር ሌላ ባለሙያ ያመጣል፣ ቱቦ ያስመረምራል፣ ነገሩ ተመልሶ እዚያው ይመጣል። ጥያቄውን ሁሉ የሚዘጋ አንድ መልስ ብቻ ነበር። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ወንድሜን በእጄ ገደልኩት ብላ ዕድሜ ልኳን ከምትኖር፣ ሆድ ይፍጀው። ሪባኑን ፈትቶ ብብቱ ውስጥ ከተተ። ሁለቱንም ቱቦዎች ነቅሎ ጣለ።

«ፍሬኑ ደህና ነው!» ብሎ ጮኸ ወደ ላይ። ገደሉ ተቀብሎ ደገመው።

የደርቤ አባት አቶ ድረስ የተባሉ ገበሬ ናቸው። ያላቸው ያ አንድ ልጅ ነበር። ፍሬኑ ደህና ከሆነ ልጃቸውን የገደለው አለነ ነው ማለት ነው፤ የደርቤ አጎቶች ደግሞ ደም ዝም ብሎ አይቀርም የሚሉ ሰዎች ናቸው። ሽማግሌ ገባ፤ ዕርቅ ተቆረጠ። እንደ አገሩ ወግ የበዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳይ ደጅ ይወድቃል። አለነ የለም፤ አባቱ ይሸከማል።

ሊሄዱ ሲሉ እሌኒ በሩ ላይ ቆመች። «አባዬ፣ አትሂድ» አለችው። «ወንድምዬ ሰክሮ አያውቅም። ጋልቦም አያውቅም። ፍሬን የምታውቀው አንተ ነህ። የልጄ ጥፋት አይደለም በል! አንድ ቃል በል!»

«ቸኩሎ ነው፣ ልጄ» አላት መሬት መሬቱን እያየ። «ሰው ይሳሳታል።»

«ውሸት ነው! አፈር ስሆን አባዬ፣ ውሸት ነው በል!»

አላለም። እሷም እልህ ይዟት ከሴቶቹ ጋር ተከትላ ሄደች። የአቶ ድረስ ደጅ ሲደርሱ ወልደ ገብርኤል ድንጋዩን በትከሻው ተሸክሞ በግንባሩ ተደፋ። «ልጄ አጠፋ። ልጅዎን ልጄ ነው የገደለብዎ። ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር፤ ሁሉም ሰማ። አቶ ድረስ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ድንጋዩን አነሡለት። «ተነሥ፣ ወንድሜ። ሁለታችንም ባዶ ቀርተናል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አሉት፤ ተቃቅፈውም አለቀሱ። እሌኒ ግን ፊቷን አዙራ ነበር። የሞተ ወንድሟን በገዛ አባቷ አፍ ሲሰደብ ሰምታለች፤ ከዚህ በላይ ምን ትስማ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬ ብላው አታውቅም። አልሰደበችውም፤ ስድብስ ይሻል ነበር። ራቱን ታቀርባለች፣ እግሩን ታጥባለች፣ «ይውሰዱ» «ይቀመጡ» ትላለች፤ መንገድ ላይ ያገኘችውን የማታውቀውን ሽማግሌ እንደምታከብር አከበረችው። በዓመቱ ዳባት አክስቷ ዘንድ ሄዳ ተማረች፤ አስተማሪ ሆነች፤ አገባች። ለሠርጓም አባቷን በሽማግሌ ነው የጠራችው። ሴት ልጅ ወለደች፤ ትሕትና አለቻት። ለትንሣኤና ለጥምቀት ብቅ ትላለች። ከአለነ መቃብር ላይ ቆይታ፣ አባቷ ቤት ለአፍታ ተቀምጣ ትሄዳለች።

ወልደ ገብርኤልም ሥራውን አልተወም። ቀይ ጨርቅ ግን ከዚያ ወዲህ አላሰረም፤ በመጋቢው ጫፍ ብረት ላይ ምልክቱን በሞረድ ይፍቃል፣ እንዳይወልቅ፣ እንዳይፈታ። ሾፌሮቹ ለምን ጨርቁን እንደ ተወ ሲጠይቁት፣ «ይቆሽሻል» ይላቸዋል። እያደር አዳዲስ መኪኖች መጡ፤ ቱቧቸው በቀለም የተለየ፣ እጁን የማይፈልጉ። ሪባኑን በዳዊቱ ማኅደር ውስጥ አኖረው። ሌሊት ሲጸልይ ሁለት ስም ይጠራል፤ የአንዱን «ነፍሱን ማርልኝ» ይላል፤ የሌላዋን «እንዳታውቀው አድርግልኝ» ይላል።

በሁለት ሺህ አሥር ጥምቀት እሌኒ ትሕትናን ይዛ መጣች። ከሜዳው ላይ አንድ አሮጌ ኡራል ከነተሳቢው ቆሞ ነበር፤ ምናልባት በአገሩ የቀረ የመጨረሻው። ተሳቢው እንደ ዱሮው ለመዘምራኑ መድረክ ሆኗል። ወልደ ገብርኤል በከዘራው ተደግፎ ከእነሱ ራቅ ብሎ ይከተላል። እሌኒ ተሳቢውን ስታይ ፊቷ ራራ። «ወንድሜ እንዲህ ያለ ነበረው» አለቻት ለልጇ። «ጌጡን ያሰርኩለት እኔ ነበርኩ። ነይ፣ አንቺም እሰሪለት።» ከትሕትና ፀጉር ላይ ቀዩን ሪባን ፈታች፤ ሕፃኗን አቅፋ አነሣቻት። ትንሿ እጅ ወደ ቱቦው ተዘረጋች፤ በሰው ፊት ለፊት ወደሚታየው።

«እዚያ ላይ አይደለም!»

ጩኸቱ የራሱ መሆኑን ወልደ ገብርኤል ከጮኸ በኋላ ነው ያወቀው። ከዘራው ወድቋል። ሕፃኗ ደንግጣ አለቀሰች፤ ሰዉ ዞር ዞር አለ።

ሾፌሩ፣ ደስተኛ ወጣት ነው፣ ጎማው ላይ ተቀምጦ ይስቅ ነበር። «ጋሼ ልክ ናቸው፣ እትዬ» አለ። «ቀይ የሚታሰረው በወዲያኛው ነው፣ በመጋቢው። ይሄኛው አዛዡ ነው። እኛ ስንቀጥል ቀዩን አይተን ነዋ! እዚህ ላይ ታስሮ ባገኘው አገላብጬ እቀጥልና ተሳቢው ፍሬን አጥቶ ሊማሊሞ ላይ ይገፋኝ ነበር። ነገ ትገድዪን ነበር እኮ!»

«ለቡዳ አይደለም እንዴ?» አለች እሌኒ ቀስ ብላ።

«ኧረ የምን ቡዳ!» ብሎ ሳቀ ሾፌሩ።

እሌኒ ቱቦውን አየችው። በእጇ ያለውን ሪባን አየችው። ከዚያ ዞራ አባቷን አየችው።

«ለቡዳም ነው» አለ ወልደ ገብርኤል ፈጥኖ። «የድሮ ሰው… ለቡዳም ያስረዋል። የዚህ ልጅ ነገር… ሁሉም አንድ ነው፣ የትም ቢታሰር አንድ ነው፣ እሌኒ።» ዕድሜ ልኩን ውሸት አልለመደም፤ አንድ ውሸት ብቻ ነው የሚያውቀው፣ እሱንም ጨርሶታል።

ልጇን አወረደቻት። ወደ እሱ መጣች። እጇን አንሥታ ያን ጊዜ ድንጋዩን በተሸከመበት ትከሻው ላይ አኖረችው፤ እዚያው ቆየች።

«አባዬ» አለችው።

ያቺን ቃል ስንት ጥምቀት ሲጠብቃት ኖሯል። አሁን መጣችለት፤ እሱ ግን ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ፣ ምነው ባልጠራሽኝ፣ ምነው እስክሞት እንደ ጠላሽኝ በቀረሽ እያለ አለቀሰ።